የመካን ተራዊህ በፍላሽ

የሐረርና የመካ ሰዓት አንድ ነው። እኛ ጀጎል ውስጥ ተራዊህ ስንሰግድ ሐረምም ይሰገዳል፤ ቤት ስንገባ አብዛኛው አልፏል። እናታችን ደግሞ ያንን ቂርኣት ሳይሰሙ መተኛት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ለመቅዳት ወሰንን።

አሮጌው ሪሲቨር የኤችዲውን ቻናል ድምፅ እንጂ ምስል አልሰጠንም፤ ኤምፔግ 4 የሚያነብ ገዛን። ፍላሽ ሰክተን ቀዳን። መሃል ላይ ተቆረጠ! መብራት አልጠፋም (ያንንማ ለምደነዋል)። ለካ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም፤ በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚላክ ሥርጭት ደግሞ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል። ተራዊህ በሰዓት አያልቅ! ፍላሹን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀየርነው፤ ሪሲቨሩም ተቀበለው።

ትናንት ለሱሁር ሲነሱ ነደባው ላይ ተቀምጠው እስከ ቁኑቱ ዱዓ አዳመጡ። ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር።