የአክስቴ ረከቦት

አትክልት ተራ በአራዳ በነበረበት ዘመን አክስቴ እዚያ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችር ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፥ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም፥ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር መደቧ ይታየኛል።

አክስቴ ዛር አለብኝ ትል ነበር። በየሳምንቱ አንድ ምሽት ከእመቤታችን ሥዕል በታች ረከቦቷን ዘርግታ ቡናና ፈንዲሻ፥ ዕጣንና ሽቶ ታቀርባለች፤ በየዓመቱም ገብስማ ዶሮ ታሳርዳለች። ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለዚሁ ይውል ነበር።

የዛር ሥርዓት በአገራችን የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ከባለዛሮች ዘንድ ተቀምጦ ያየውን በ1958 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ዛር የያዘው ሰው የመንፈሱ «ፈረስ» ይባላል፤ ባለ አውልያውም መንፈሱን አስለፍልፎ ስሙንና የሚሻውን ግብር ይጠይቀዋል። በሩቅ አገር በኩባም፥ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ የዮሩባ ሰዎች ባቆዩት የሳንቴሪያ እምነት፥ መንፈስ የወረደበት ሰው እንዲሁ ፈረስ ይባላል፤ መናፍስቱም በካቶሊክ ቅዱሳን ስም ተሸፍነው ኖረዋል። የአክስቴን ሥዕልና ረከቦት ምንኛ ይመስላል! ዛር ግን በግብር ይለዝባል እንጂ አይለቅም ይባላልና፥ ዕዳው ተከፍሎ አያልቅም።

እኔም የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁና፥ አንድ ቀን በጎረቤት ፊት «እቴቴ፥ ለሰይጣን መገበር አይበቃሽም?» ብዬ ዘለፍኋት። እርስዋም ዓይኗን ሳታነሣ፥ «ልጄን የቀበርሁ ጊዜ ከአርባው በኋላ ደጄን የረገጠ ከእናንተ ማን አለ? እነዚያ ሴቶች ግን መጡ። አሁን ብተወው የቀረውን ልጄን ይወስድብኛል» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ነገሩን ለንስሐ አባታችን ብነግራቸው፥ የገሠጹት እርስዋን ሳይሆን እኔን ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴና እኔ በዚያች ምሽት ከእርስዋ ዘንድ ቡና መጠጣት ጀመርን፤ ጠበልም አብረናት ወረድን። ፍርሃቷ በአንድ ቀን አልለቀቃትም፤ ሆኖም በሦስተኛው ዓመት ዶሮው ሳይታረድ ቀረ፥ ልጇም በደኅና አደገ። ረከቦቱ ዛሬ በእኔ ቤት ጎረቤት ይጠራበታል።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ባዕድ አምልኮ ስሕተት መሆኑን ማስተማር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዘመዶችህ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር፥ ከመገሠጽህ አስቀድሞ በኀዘኑ ጊዜ፥ ከአርባው በኋላ ማን እንደ ጠየቀው አስብ።