በዳኑብ ወንዝ ላይ ለመጓዝ ስናስብ

ልጆቻችንን ድረን ቤቱ ለሁለታችን ከቀረ ወዲህ፣ ጉልበታችን ሳይከዳን አንድ ሩቅ አገር እንይ ብለን ተማክረን፣ በዳኑብ ወንዝ ላይ በመርከብ ልንጓዝ ቈርጠናል። ወንዙ ከጀርመን አገር ተነሥቶ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጥቁር ባሕር ይገባል፤ ለእኛ ግን ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ያለው ይበቃናል።

እጅግ ያከራከረን የወሩ ነገር ነው። በነሐሴ ውሃው ጎድሎ መርከቦች የሚቆሙበት ዓመት አለ፤ ደግሞም ጾመ ፍልሰታ ነውና በመርከቡ ማእድ መቸገራችን አይቀርም። በግንቦት ግን ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀንም ጾም የለበትም። እርግጥ ሙላት ያሰጋል፤ በ2005 ዓ.ም. ፓሳውን ያጥለቀለቃት በዚሁ በግንቦት ነበር። ቢሆንም ግንቦትን መረጥን።

የመኝታ ክፍላችን ከታችኛው ወለል ይሁን ብለናል። መስኮቱ ለውሃው የቀረበ ነው፣ አይከፈትምም፤ ዋጋው ግን ይቀላል። ለእንቅልፍ ብቻ ለምንገባበት ክፍል ስለ ምን ብዙ እንከፍላለን? በተረፈው ገንዘብ ብስክሌት ተከራይተን ከሜልክ እስከ ክሬምስ፣ 36 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በወይን አትክልት መካከል የወንዙን ዳር ይዘን እንሄዳለን። ልጆቻችን ይህን ሰምተው ሥቀዋል።

ቪዛውን ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ መጠየቅ ስለሚፈቀድ በኅዳር እንጀምራለን። ከሐኪሙ ዘንድ ግን የምንሄደው በዚህ ሳምንት ነው፤ ጉልበታችንን ለማስመርመር።