ጺም ያበቀለ ድራማ

በአሜሪካ አገር አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አጀማመሩ ደካማ ሆኖ ኋላ የጎለመሰ እንደ ሆነ፥ ተመልካቾቹ «ጺሙን አበቀለ» ይሉታል። ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይሆንብንም፤ ጺም ያላበቀለ ጐረምሳ በሸንጎ መካከል ለመናገር በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚያዩት እናውቃለንና። የአባባሉ ምንጭ ግን ምሳሌ ሳይሆን እውነተኛ ጺም ነው። «ስታር ትሬክ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» በተባለው ድራማ የመርከቢቱ ምክትል አዛዥ ሆኖ የተጫወተው ጆናታን ፍሬክስ፥ በመጀመሪያው ዓመት አገጩን ተላጭቶ ከታየ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ጺሙን አሳድጎ ብቅ አለ፤ ድራማውም ከዚያ ወዲህ እየተሻለው ስለ ሄደ፥ ጺሙና መሻሻሉ በተመልካች አፍ አንድ ሆነው ቀሩ።

እኛ ይህን ድራማ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ተመልክተነዋል። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1987 ነበረ፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሰውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። በዋሽንግተን ከተማ አንድ ቤት በኅብረት ተከራይተን የምንኖር ሦስት ተማሪዎችና አንድ ታላቃችን ነበርን። ታላቃችንን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። በአገራቸው ብዙ ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ሲሆኑ፥ በዚያ ግን በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፥ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆነው ይሠሩ ነበር። የአስተማሪነት ልማድ ከሰው አይለቅምና፥ ያየነውን ክፍል ሁሉ ከመቶ እያረሙ፥ ነጥቡን በወጥ ቤት በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ከአርባ አላለፉም። ለዚህም ምክንያት ነበረው። የፊተኛው «ስታር ትሬክ» ከ1966 እስከ 1969 ታይቶ በ79 ክፍል ያበቃ ቢሆንም ወዳጆቹ እጅግ ብዙ ነበሩ፤ እነርሱም ካፒቴን ከርክና ስፖክ የሌሉበትን መርከብ መርከብ ነው ብለው ለመቀበል አልፈለጉም። አዲሶቹ ተዋናዮች ገና እርስ በርሳቸው አልተላመዱም፤ ከመጋረጃው በስተጀርባም ጸሐፊዎቹ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣ ነበር። ካፒቴን ፒካርድ ሆኖ የተጫወተው እንግሊዛዊ የመድረክ ሰው ፓትሪክ ስትዋርት፥ ሥራው ቶሎ እንደሚታጠፍ እርግጠኛ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሻንጣውን ሳይፈታ መቆየቱን ኋላ ራሱ ተናግሮአል። ሻንጣን ሳይፈቱ መኖር ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኛ ቤት ሰዎች የበለጠ የሚያውቅ መኖሩን እንጠራጠራለን።

አንድ ሰው ብቻ ከመጀመሪያው ልባችንን ወሰደው። እርሱም በ1977 በታየው «ሩትስ» ላይ ኩንታ ኪንቴን ሆኖ በእግር ብረት ታስሮ ያየነው ሌቫር በርተን ነው። በዚህኛው ድራማ ዓይነ ስውር ሆኖ፥ በዓይኑ ላይ በሚያስረው መሣሪያ እየተረዳ መርከቢቱን በከዋክብት መካከል ይነዳ ነበር። ጋሼም ስለ እርሱ ብለው በየማታው አምስት ነጥብ ይጨምሩ ነበር፤ አድልዎ መሆኑንም አልካዱም።

በጥቅምት ወር የመጣው «ኮድ ኦቭ ኦነር» የተባለው ክፍል ግን ከደካማነት ያለፈ ነበረ። መርከቢቱ መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንዲት ዓለም ትሄዳለች፤ የዚያች ዓለም ሰዎች ሁሉ ጥቁሮች ናቸው፤ ገዢያቸውም ነጪቱን የመርከቢቱን የጥበቃ ሹም ጠልፎ ይወስዳል፤ ልብሳቸውና ሥርዓታቸው ሁሉ የድሮ ፈረንጅ ስለ አፍሪካ ያለመው ሕልም ነበረ። ከተዋናዮቹ አንዳንዶቹ በኋለኛው ዘመን ክፍሉን በግልጽ አውግዘውታል፤ በዚያ ማታ ግን በቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያፍር ሰው አልታየንምና ያፈርነው እኛ ነበርን። ጋሼ ፍጻሜውን ሳይጠብቁ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ከመካከላችን አንዱ፥

«ጋሼ፥ ይህ እኮ ጨዋታ ነው፤ ስለ እኛ አይደለም የሚያወሩት» አላቸው።

«ልጄ፥ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ፊት ተጉዘው እንኳ እዚያው ቦታ ላይ ካገኙን፥ ታዲያ ስለ ማን ነው የሚያወሩት?» ብለው መለሱለት።

በኅዳጉ ላይም ባዶ ጻፉበት። በማግሥቱ ሥራ ሳይሄዱ በፊት መዝገበ ቃላት ከፍተው ለጣቢያው የሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፊደሉን እንድናይላቸው ስለ ሰጡን አነበብነው። ይታገድ የሚል ቃል በውስጡ አልነበረም። ልክ የተማሪ ወረቀት እንደሚታረም ስሕተቱን አንድ በአንድ እያነሡ፥ ከዚህ የተሻለ መሥራት እንደሚችሉ ነግረው ይዘጋሉ። እኛ ግን ሳቅን። ማን ያነበዋል? የተናደደ ሰው ይተዋል እንጂ ይጽፋልን? ስንል፥ «ዜሮ ያገኘ ተማሪ ከክፍል አይባረርም» አሉን። ከጣቢያው መልስ አልመጣም። ጋሼም ከዚያ ማታ ጀምሮ ከእኛ ጋር መቀመጥ ተዉ፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፥ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፥ አላይም እያሉ ያዩ ነበር።

ያን ጊዜ አላወቅነውም እንጂ፥ በዚህ ድራማ ታሪክ የተመልካች ደብዳቤ ከንቱ ነገር አልነበረም። የፊተኛው «ስታር ትሬክ» ከሁለተኛው ዓመቱ በኋላ ሊቋረጥ ነው በተባለ ጊዜ፥ ተመልካቾች ደብዳቤ አዝንበው በ1968 ለሦስተኛ ዓመት እንዲቀጥል አድርገዋል። በዚያው ድራማ ኡሁራ ሆና የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ልትተው ባሰበች ጊዜ፥ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት፥ እርሳቸውም ተመልካቿ መሆናቸውን ገልጸው እንዳትተው መለመናቸውን ደጋግማ ተርካለች። ኡሁራን በልጅነቷ አይታ፥ ገረድ ያልሆነች ጥቁር ሴት በቴሌቪዥን መታየቷን ለቤተ ሰቧ እየጮኸች የነገረች አንዲት ሕፃን ደግሞ ነበረች። ይህችም ሕፃን ዉፒ ጎልድበርግ ናት። በ1988 ራሷ ጠይቃ ወደ አዲሱ ድራማ ገባች፤ በመርከቢቱ መጠጥ ቤት ውስጥ የምታስተናግድ፥ ዕድሜዋ የማይታወቅ ጋይናን የተባለች ብልህ ሴት ሆና ተጫወተች።

በየካቲት 1989 አንድ ማታ የታየው ክፍል «ዘ ሜዠር ኦቭ ኤ ማን» ይባላል። ዳታ የተባለው መኰንን በሰው አምሳል የተሠራ ማሽን ነው። አንድ ሊቅ መጥቶ፥ ፈታትቼ ልመርምረው ይላል፤ ዳታ እምቢ ቢል፥ ይህ የመንግሥት ዕቃ ነውና ፈቃዱ አይጠየቅም ተብሎ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ራይከር፥ ያ ባለ ጺሙ ምክትል፥ ሳይወድ በግድ የወዳጁ ከሳሽ ሆኖ ይቆማል፤ የዳታን እጅ ነቅሎ ያሳያል፤ በመጨረሻም ጀርባው ላይ ያለውን ማጥፊያ ተጭኖ በዳኛዋ ፊት እንደ በድን ያስተኛዋል። ፒካርድ ተስፋ ቆርጦ ወደ መጠጥ ቤቱ በወረደ ጊዜ ጋይናን ታነጋግረዋለች። በየዓለሙ ማንም የማይፈልገውን አስቸጋሪ ሥራ እንዲሠሩ ስለሚደረጉ፥ አልቀውም ስለሚተኩ ፍጡራን በዝግታ ታነሣበታለች፤ ባርነት የሚለውን ስም አውጥቶ የሚጠራው ግን ፒካርድ ነው። ከዚያች ሴት አፍ፥ በዚያ እርጋታ፥ ነገሩ ሲወጣ በቤታችን የተነፈሰ አልነበረም። ዳኛዋ ዳታ ስለ ራሱ የመወሰን መብት አለው ብላ በፈረደች ጊዜ ዘወር ብለን ብናይ፥ ጋሼ ከበሩ ላይ የሉም፤ ከኋላችን ካለው ወንበር ላይ፥ የሥራ ቁጥራቸው በደረቱ ላይ የተሰፋበትን ሰደርያ እንደ ለበሱ ተቀምጠዋል።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አሉ።

ስሞቹ በመጀመሪያ ስላለፉ ልንነግራቸው አልቻልንም። ጸሐፊዋ ሜሊንዳ ስኖድግራስ ቀድሞ ጠበቃ እንደ ነበረችና ድርሰቱንም ከውጭ ሆና እንዳቀረበች ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጋሼ በዚያ ማታ ሥራ አርፍደው ገቡ። ነጥብ አልጻፉም።

ይህን ስንል ሁለተኛው ዓመት ሁሉ መልካም ነበረ ማለታችን አይደለም፤ ለጺሙ የተሰጠው ምስጋና ከሚገባው በላይ ነው ብለንም እናምናለን። በ1988 ጸሐፊዎች ለወራት ሥራ በማቆማቸው ዓመቱ በ22 ክፍል ብቻ ተወሰነ፤ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ አብዛኛው ከአሮጌ ቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ነበረ። ጋሼ፥ «የዓምናውን ደብተር ገልብጦ አቀረበ» ብለው አሥራ አምስት ሰጡት። ድራማው በሁለት እግሩ የቆመው በሦስተኛው ዓመት፥ ማይክል ፒለር የጸሐፊዎቹ አለቃ በሆነ ጊዜ ነው። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ዛሬም ይገርመናል፤ ማንም ሰው ድርሰት ጽፎ እንዲልክ በሩን ከፈተ። የፊተኛውን «ስታር ትሬክ» ሲያይ ያደገው ወጣት ሮናልድ ሙርም የድራማውን መሥሪያ ስፍራ ሊጐበኝ ሲሄድ ይዞት የገባው ጽሑፍ በ1989 ተሠርቶ ታየ፤ እርሱም ከጸሐፊዎቹ ጋር ተቀጥሮ፥ ድራማው በ178 ክፍል ሲፈጸም በ1994 የታየውን የመጨረሻውን ክፍል ከባልደረባው ጋር ጻፈ።

በሰኔ 1990 ፒካርድ በጠላት ተማረከ፤ ግማሽ አካሉን ማሽን አድርገው በገዛ ወገኖቹ ላይ አስነሡት፤ ራይከርም በካፒቴኑ ላይ እንዲተኰስ ሲያዝ ድራማው በዚያው ተቋርጦ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ፥ እስከ መስከረም፥ በቤታችን የነበረው ክርክር ይህ ብቻ ነበረ። ለደንበኞች ከሰላምታ በቀር ቃል የማይናገሩት ጋሼ፥ ፒካርድ ይሞታል አይሞትም እያሉ ከባለ መኪኖቹ ጋር መሟገት መጀመራቸውን ሰማን።

ቀጣዩ ክፍል በመጣበት ማታ ተረኛ ሆኑ። በቪዲዮ ካሴት ቀድተን እንድናቈይላቸውና አንዲት ቃል እንዳንተነፍስ አስማሉን። ሲነጋጋ የበሩ ቁልፍ ሲዞር ሰምተን ሦስታችንም ወደ ሳሎን ወጣን፤ ታናሻችን ሊያወራ አፉን ከፈተ።

«ዝም!» አሉ፥ እንደ ክፍል አለቃ እጃቸውን አንሥተው። ካፖርታቸውን አወለቁና ከፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቀዩንም እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ።