አትክልተኞቹ

ቤተሰቦቻችን ምን እንደምንማር እስካሁን በወጉ አልገባቸውም፡፡ «ላንድስኬፕ አርክቴክቸር» ስንላቸው «አርክቴክቸር» የምትለዋን ብቻ ይዘው ለጎረቤት «ፎቅ ሊሠሩ ነው» ብለው አወሩ፡፡ ቆየት ብለን ስናስረዳቸው ደግሞ የአንዳችን እናት በስልክ «እና ልጄ፣ ጀርመን ድረስ የሄድከው አትክልት ልትኮተኩት ነው?» አሉ፡፡ ሦስታችንም ሳቅን፡፡ እውነቱን ለመናገር ግን እኛም ስንመጣ ከእሳቸው የተሻለ አናውቅም ነበር፡፡

በርሊን ውስጥ መጀመሪያ ግራ ያጋባን ቴምፕልሆፍ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 የተዘጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ፡፡ ከ300 ሄክታር በላይ ሜዳ! ማኮብኮቢያው እንዳለ ነው፤ ሰዉ ብስክሌት ይነዳበታል፣ ሥጋ ይጠብሳል፣ በሳጥን አፈር ሞልቶ አትክልት ይተክላል፡፡ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» እያነበብን ላደግን ለእኛ ጉድ ነበር፡፡ «ዲዛይኑ የታለ?» ተባባልን፡፡ አስተዳደሩ ዳር ዳሩን ቤት ልሥራበት ቢል ነዋሪው በ2014 ድምፅ ሰጥቶ «አይነካም» እንዳለ የሰማነው በኋላ ነው፡፡

ይህን ሁሉ ሰምተን፣ አድንቀን፣ ማስታወሻ ይዘን... የራሳችን ተራ ሲደርስ ምን እንዳደረግን እንንገራችሁ፡፡

ለስቱዲዮ ሥራ የፈለጋችሁትን ቦታ ምረጡ ተባልን፡፡ የቀበናን ወንዝ ዳርቻ መረጥን፡፡ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣን፡፡ የእግር መንገድ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ውሃውን የሚቀበል እርከን፣ በባሕር ዛፉ ፈንታ ወይራና ዝግባ፡፡ የሳተላይት ፎቶው ላይ ያሉት የዛጉ ቆርቆሮዎች ሥዕሉን ስላበላሹብን በአረንጓዴ ሸፈንናቸው፡፡ አማረ!

መምህራችን ዝም ብላ ስታየው ቆየች፡፡ ከዚያ ፎቶውን ከሥዕሉ አጠገብ አድርጋ ቆርቆሮዎቹ ላይ ጣቷን አሳረፈችና «እነዚህ የት ሄዱ?» አለች፡፡

መልስ አልነበረንም፡፡ አንዳችን ግን አንገቱን ደፋ፡፡ ጣቷ ካረፈባቸው ቆርቆሮዎች አንዱ የእናቱ ቤት ነው፤ ቅድም «አትክልት ልትኮተኩት ነው?» ያሉት የእናቱ፡፡ በአረንጓዴ የሸፈነውም እሱ ራሱ ነው፡፡

ማታ ደወልንላቸው፡፡ ስለ ሥዕሉ አልነገርናቸውም፤ አፈርን፡፡ ስለ ሰፈሩ ብቻ ጠየቅናቸው፡፡ ክረምት ውሃው ከግንቡ እስከ ስንተኛው ድንጋይ እንደሚደርስ፣ ልጆች የት እንደሚሻገሩ፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ፣ ለቡና የምትሆነው ጤና አዳም የማን ደጅ እንዳለች ነገሩን፡፡ አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፍን፡፡ በመጨረሻ «ውሃው መቼ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የማናውቀው ሠሪው መቼ እንደሚመጣ ነው» አሉን፡፡

ሁለተኛው ሥዕላችን ከዚያ ማስታወሻ ተነሣ፡፡ እንደ መጀመሪያው አያምርም፡፡ ወንዙ አፍ ላይ ያሉት ጥቂት ቤቶች ለነፍስ ያሰጋሉና መነሣት ነበረባቸው፤ እዚያው ሰፈር ውስጥ ቦታ ፈለግንላቸው፡፡ የእናትዮውም ቤት ከእነዚያ አንዱ ነው፡፡ ይህንን አሁንም አልነገርናቸውም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2024 ፒያሳን ያፈረሰው የኮሪደር ልማት ሥራ ሲስፋፋ በስልካችን እያየን ነው፡፡ ተመርቀን ስንመለስ ሥራ የሚጠብቀን እዚያ ነው፡፡ የሚያምረውን ሥዕል መሥራት እንችልበታለን፤ አንድ ጊዜ ሠርተነዋል፡፡ የሚያስፈራንም እሱ ነው፡፡

እሳቸው ግን ባለፈው ሲደውሉ «ስትመጡ ደጄ ላይ አንድ ነገር ትተክሉልኛላችሁ» አሉን፡፡ «እሺ እማማ» አልን፡፡