ሙት ሳንወቅስ፣ እውነትንም ሳንቀብር

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል የአገራችን ሰው። ስለ ሟች ክፉ ማውራት ነውር ነው። ታዲያ አባቱን ሲቀብር ሐዘንና ቁጣ አንድ ላይ የመጣበት ልጅ ምን ይበል?

እኛ አራት ልጆች አባታችንን ከቀበርን 2 ዓመት ሊሆነን ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ይጠጣ ነበር፤ ጠጥቶ ሲገባም እናታችንን ይመታ ነበር። ጥሎን ሄዶም ለ6 ዓመት ሌላ ትዳር ይዞ ኖሯል። ይኸው አባታችን ግን ከአርባ ምንጭ ሲመለስ ሙዝ ሳይዝልን ገብቶ አያውቅም። መስከረም ሲጠባ ቁጭ ብሎ የአራታችንንም ደብተር በጋዜጣ ይለብድልን ነበር። ታናሻችን በወባ የታመመች ሌሊት አዝሏት ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጧል። ሁለቱም እርሱ ነበር።

በቀብሩ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ ተጨነቅን። ወላጆችን ማክበርን ያዘዘው አምላክ በዚያው በአሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ የሐሰት ምስክርነትንም ከልክሏል። ስለዚህ «ለትዳሩ ታማኝ» ብለን አልጻፍንም፤ በደሉንም በለቀስተኛ ፊት አልዘረዘርንም። ሙዙን፣ ደብተሩን፣ ያቺን ሌሊት ጻፍን።

ያን ሰሞን ያጽናናን የንጉሥ ሳኦል ታሪክ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሳኦልን ኃጢአት አይሸፍንም፤ ዳዊትን በቅንዓት አሳድዷል፣ 85 ካህናትን አስገድሏል። ሆኖም ሲሞት የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው ሬሳውን ከቤትሳን ቅጥር አወረዱ፤ አጥንቱን ቀብረው 7 ቀን ጾሙ (1ኛ ሳሙኤል 31)። ለምን? በንግሥናው መጀመሪያ ከአሞናዊው ናዖስ እጅ አድኗቸው ነበርና ነው (ምዕራፍ 11)። የተደረገላቸውን በጎነት አልረሱም። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ስለዚህ ቸርነታቸው የባረካቸው ራሱ ዳዊት መሆኑ ነው (2ኛ ሳሙኤል 2)። በሳኦል እጅ ያን ያህል የተንገላታው ዳዊት!

እናታችን አንዳንድ ቀን ታለቅስለታለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ስሙ ሲነሳ መስማት አትፈልግም። አናስገድዳትም። ይቅርታ ማለት በደሉ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ፍርዱን ለጌታ መስጠት ነው። አባታችን በመጨረሻው ሰሞን ስንጸልይለት «አሜን» ይል ነበር። በልቡ የሆነውን ጌታ ያውቃል፤ ያንንም ለእውነተኛው ፈራጅ ትተነዋል።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ወላጅ ቀብራችሁ ከሆነ ሁለቱንም ይዛችሁ ወደ ጌታ ቅረቡ። ስለ ጎዳችሁ ነገር አልቅሱ፤ ስለ ሰጣችሁም በጎ ነገር አመስግኑ። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የሰማዩ አባታችን ሁለቱንም ይሰማል። እርሱ ያጽናናችሁ።