የአንገት ልክና የሌሊት ትንፋሽ

በልማዳችን የአንገት መወፈር የድሎት ምልክት፥ ማንኮራፋትም የጥልቅ እንቅልፍ ማስረጃ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። የሚያንኮራፋ ሰው «እንቅልፍ ደላው» ተብሎ ይሣቅበታል እንጂ፥ በዚያች ሌሊት ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደ ታገደ የሚያስብለት ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንገቱና በምላሱ ውስጥ ስብ የተከማቸ እንደ ሆነ፥ የላላው የአየር መተላለፊያ በቀላሉ ይዘጋል። ትንፋሹ ለ10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ይቋረጣል፤ አንጎልም አየር ሲያጣ ሰውየውን ሳይታወቀው ያባንነዋል። ይህ በአንድ ሰዓት 30 ጊዜና ከዚያም በላይ የሚደርስበት ሰው ሕመሙ ከባድ ነው ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ሳያርፍ ይነጋበታል፤ የደም ግፊትም ያሰጋዋል።

ስለዚህ የልብስ ሰፊው ሜትር ለሐኪምም መሣሪያ ሆኗል። በካናዳ ያሉ ሐኪሞች በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የ8 ጥያቄዎች መመዘኛ፥ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ አንገትን ከአደጋ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቈጥራል። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ተካሂዶ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናትም፥ ክብደቱ በመቶ 10 የጨመረ ሰው የትንፋሹ መቋረጥ በመቶ 32 ያህል እንደሚበዛበት ገምቷል።

ይሁን እንጂ ልክ ጠቋሚ ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም። የእኔ የሸሚዝ ኮሌታ 44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የታናሽ ወንድሜ አንገት ግን 37 አይሞላም። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ የሚያስጠነቅቀው እኔን ነበር። ሁለታችንም በመሣሪያ ስንመረመር ባደርን ጊዜ ግን፥ ትንፋሹ በሰዓት 34 ጊዜ ሲቋረጥ የተገኘው እርሱ ነው። አገጩ ትንሽና ወደ ኋላ የገባ በመሆኑ፥ ስብ ሳይኖርበት መተላለፊያው ጠቦ ኖሯል። በጠረጴዛው ላይ ስለሚያንቀላፋ አለቆቹ ለዓመታት ሰነፍ ሲሉት ቈይተው፥ እርሱም ራሱን እንደዚያው መቍጠር ጀምሮ ነበር።

ዛሬ በአፍንጫው በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ አድርጎ ይተኛል። የዚህን ሕክምና መንገድ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሳሊቫን ነው። የወንድሜም የቀን ማንቀላፋት ቀርቷል።

እንግዲህ በቢሮ ወይም በትምህርት ክፍል የሚያንቀላፋ ሰው ስታዩ፥ ከመገሠጻችሁ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ጠይቁት። እርሱ ባያውቀው እንኳ አጠገቡ የሚተኛው ሰው ያውቃል። አንገቱም ይለካ፤ ነገር ግን ሜትሩ ትንሽ ቍጥር ስላሳየ ብቻ ምርመራው አይቅርበት።