መኪናው ይራቅ፤ እማማ ግን በምን ይምጡ?

አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ የላስታ ሰው አሁን አሁን ወሬው ሁሉ የኮሪደር ልማት ነው። «ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ መንገድ ዳር የቆመ መኪና አታይም፤ እግረኛው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ የኛስ ከተማ ላሊበላ ምን ሆና ነው?» ይሉኛል። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። በ2016 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር የመንገድ ዳር ፓርኪንግ ተነሣና በቦታው ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ መጣ። መኪና የሚቆምበትም ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ተሠራ።

ነገር ግን እዚያው ሱቅ ያለውን ሰው ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት። ድሮ ደንበኛው መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ፣ ጫማ ለክቶ፣ ከፍሎ ይወጣ ነበር። ዛሬ ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ሐሳቡን ይቀይራል። ተደራጅተው ያቺን የፓርኪንግ ወረቀት ዝናብ መጥረጊያው ሥር እየሰኩ ይኖሩ የነበሩ ልጆችም አሉ። ታማሚ ይዞ ክሊኒክ በር ላይ መቆም ያልቻለ ቤተሰብም አለ። እነዚህ ሁሉ «መኪና ወዳዶች» እየተባሉ ሲታለፉ አይዋጥልኝም። ፓርኪንግ የሚነካው ባለመኪናውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

እውነቱን ልናገርና እኔ የእግረኛው ወገን ነኝ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናው ለመኪና ሲዘጋ፣ ሕጻናት አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ ሳይ ደስ ብሎኛል። በአገራችን መኪና ያለው ጥቂት ነው፤ በእግሩና በታክሲ የሚሄደው ብዙ ነው። ጎዳናውን ግን ያ ጥቂት ይዞት ኖሯል። ጭንቀቴ ሌላ ነው። የአዲስ አበባውን ሐሳብ እንዳለ ነቅለን ላሊበላ ላይ ስንተክለው ምን ይሆናል?

ላሊበላን ዓመቱን ሙሉ መኪና አያስጨንቃትም። ቅዳሜ ገበያ መንገዱን የሚዘጋው አህያ ነው፤ አህያ ደግሞ ፓርኪንግ ቢከለከልም አይሰማም። የመኪና ነገር የሚብሰው ገና ሲደርስ ነው። ከወልድያ በጋሸና የሚመጣው ሚኒባስ፣ የደሴው ቅጥቅጥ፣ የአዲስ አበባው ኮስተርና ላንድ ክሩዘር አንድ ላይ ይገጥማሉ። ከተማዋ ተራራ ጎን ላይ የተለጠፈች ስለሆነች ሜዳ የሚባል ነገር የላትም። ሾፌሩ እንዳቆመ መጀመሪያ የሚጮኸው «ታኮ አምጣ!» ብሎ ነው። ልጁ ድንጋይ ታቅፎ ይሮጣል፣ ከጎማው ሥር ይወትፋል፣ ሳንቲሙን ይቀበላል። መኪናው ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ሌሊት ለማሕሌት የሚወርደውን ምእመን ጣት የሚልጠው ያ ድንጋይ ነው። ከምእመኑ ብዙው ቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣ፣ ገሚሱም ባዶ እግሩን ነው። ለገና ዝማሬው ለቤዛ ኩሉ ከዐለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ወደሆነው ቤተ ማርያም በሚጎርፈው ሕዝብ መሀል መኪና ጡሩንባ እየነፋ ሲገፋ ማየት ያሳፍራል። ስለዚህ «መኪና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይራቅ» የሚል ሰው እኔን አላስቀየመኝም።

ያስጨነቀኝ የኩራኩር ሰው ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ተወልደው ያደጉ ቤተሰቦች የዓለም ባንክ ገንዘብ በሰጠው የቱሪዝም ፕሮጀክት ተነሥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ኩራኩር ሰፍረዋል። በቀይ ድንጋይ የተሠሩት ክብ ባለ ፎቅ የላስታ ቤቶች ቅርስ ናቸውና ቆሙ፤ ሰዎቹ ሄዱ። ምክንያቱን አልነቅፍም። ቦታው ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ዐለት ዋና ጠላቱ ውኃ ስለሆነ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ አጠገቡ እንዲሆን ማንም አይፈልግም። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ድሮ የኪዳን ደወል ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረድ ብለው ይሳለሙ የነበሩ እማማ፣ ዛሬ ያንን ሁሉ መንገድ ጉልበታቸው አይችለውም፤ ባጃጅ ይጠብቃሉ። ባጃጁን የፈጠርንባቸው እኛ ነን። አሁን ደግሞ «ለቅርሱ ሲባል ባጃጁም ከዚህ አይቁም» ካልናቸው ለሁለተኛ ጊዜ አነሣናቸው ማለት ነው። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ባጃጅን ባገደችበት ሰሞን ዳር ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ምን እንደሆነ አይተናል፤ ያውም ታክሲና አውቶቡስ ባለበት ከተማ።

ሌላም ጠባሳ አለብን። በ2000 ዓ.ም. ግድም ዝናብ እንዲከላከሉ ተብለው በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ጊዜያዊ ነበሩ። ቆይተው ራሳቸው ሥጋት ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ «ይነሡልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። የላሊበላ ሰው «ለጊዜው ነው፣ ለእናንተው ጥቅም ነው» የሚባል ዕቅድ ሲመጣበት ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

መኪና ማራቅ የማይቻል ሆኖ አይደለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜርማት የምትባል የተራራ ከተማ አለች። እንግዳ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ቴሽ በምትባል መንደር መኪናውን አቁሞ በባቡር ይገባል፤ ከተማው ውስጥ የሚሠሩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። እዚያ መኪናው የቀረው ባቡር ስላለ ነው። ፓሪስም በ2024 እ.ኤ.አ. ለከባድ የግል መኪኖች የማቆሚያ ዋጋ በመሀል ከተማ በሰዓት ወደ 18 ዩሮ ስታደርስ አስቀድማ ሕዝቧን ድምፅ አሰጥታለች። ደስ ያለኝ ግን የሠፈሩ ነዋሪ በራሱ ሠፈር ሲያቆም ጭማሪው እንዳይነካው መደረጉ ነው። እንግዳውን ሊያስከፍሉ ሲነሡ መጀመሪያ ነዋሪውን ከልለዋል።

ለኛም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። መጀመሪያ ከከተማው መግቢያ፣ በአየር ማረፊያው መንገድ በኩል፣ የተደላደለ ማቆሚያ ይሠራ፤ መጸዳጃና ውኃም ይኑረው። ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አፋፍ የሚመላለስ፣ ዋጋው የታወቀ ባጃጅ ወይም አነስተኛ አውቶቡስ ይመደብ። ታኮ የሚያቀብሉት ልጆች የማቆሚያው ሠራተኞች ይሁኑ እንጂ ከሌላ ቦታ ሰው አይምጣባቸው። ሽማግሌ፣ ታማሚ፣ ነፍሰ ጡርና አስከሬን ምንጊዜም እስከ በሩ ይድረሱ። ይህ ሁሉ በአንድ ገና ተሞክሮ ነዋሪው «ይሁን» ሲል ብቻ አሮጌው ማቆሚያ ይዘጋ። ተገልብጦ ከተጀመረ መኪናው አይቀንስም፤ ወደ ሰው ደጃፍ ይዞራል።

ለሚመለከታችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ካርታ ዘርግታችሁ ቀይ መስመር ከማስመራችሁ በፊት ኩራኩር ውጡ። በላንድ ክሩዘር አይሁን። ኪዳን ከመደወሉ በፊት ድረሱና ከእማማ ጋር እስከ ቤተ ማርያም በእግራችሁ ውረዱ፤ መልሱንም ዳገቱን አብራችሁ ውጡ። ስብሰባውን ከዚያ በኋላ ጥሩ።